«ሁለተኛውስ የታለ?»፦ ለሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች፣ ወላጆችና ጸሐፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣
ለርዕሳነ መምህራንና ለመምህራን ባልደረቦቼ፣
ለእናቶችና ለአባቶች፣
ብዕር ለያዛችሁ የሸዋ ልጆች ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ?

የአማርኛ መምህርት ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን መንዝ ውስጥ አሳልፌ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የማስተምረው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ልጆቻችን አንባቢ እንዲሆኑ ከፈለግን ረጅም ታሪክ እንስጣቸው። የሚቀጥል ታሪክ። አንዱ ቅጽ ሲያልቅ ሌላው የሚጠብቃቸው። ዘንዶ ያለበት፣ እንስሳ የሚናገርበት፣ ከዋሻው ወዲያ ሌላ አገር ያለበት ታሪክ።

«ፊደል በቅጡ ላልለየ ልጅ የምን ተረት?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ልጅ ነው።

4ኛ ክፍል ነበር። መጨረሻ ዴስክ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል። የማንበብ ተራ ሲደርሰው አንገቱን ይደፋል። ፊደል አያውቅም እንዳትሉኝ፤ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰጡት ግን እያንዳንዷን ፊደል እንደ ድንጋይ እየፈነቀለ ነው የሚሄደው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። «እሺ፣ ምን ይላል?» ስለው ዝም ይላል። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

በዚያ ዓመት የአማርኛ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ነበር የደረሰን። ምንባቦቹም አጭር ናቸው። ግማሽ ገጽ ስለ ንብ፣ ግማሽ ገጽ ስለ ንጽሕና፣ ከሥር አምስት ጥያቄ። ልጆቹ ንቧን ሳይለምዷት ወደ ሳሙናው ይሄዳሉ። ስለዚህ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዛሁና ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። ጸሐፊ አይደለሁም። የሚያነቡት ነገር እንዲያገኙ ብቻ ነው የፈለግኩት።

ታሪኩ የጓሳ ነው። የመንዝ ሰው እንደሚያውቀው ጓሳ ማንም ዝም ብሎ የሚገባበት ሜዳ አልነበረም። ቀደምቶቻችን ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁታል። ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ይህ ለልጅ በራሱ ተረት ነው፤ እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነገር ነው። ሣሩ በሚከፈትበት ሌሊት ከሥሩ አንድ በርም ይከፈታል አልኩ። ማንጠግቦሽ የምትባል እረኛ ግልገል ጠፍቶባት ስትፈልግ በዚያ በር ትገባለች። በወዲያኛው አገር ጭላዶቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀይ ቀበሮ መልእክት ያደርሳል። የሰውን ስም እየሰረቀ የሚያጠራቅም ጭራቅም አለ። ስሙ የተሰረቀበት ሰው የቤቱ መንገድ ይጠፋበታል። ማንጠግቦሽ ወደ አገሯ ለመመለስ ሰባት በር ማለፍ አለባት፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ለአንድ በር አንድ ደብተር።

ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አነብላቸዋለሁ። ልብ ሲንጠለጠል አቆማለሁ። ከዚያ ደብተሩ በተራ በተራ ወደ ልጆቹ ቤት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ደብተር ያለቀ ሰሞን ያ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጣ። በጎቹን እየነዳ ነው የመጣው። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ፣ በትሩን ታቅፎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ከብርዱ የተነሳ አፉ ተሳስሯል።

«ቲቸር፣ ሁለተኛውስ የታለ?» አለኝ።

ትምህርት ቤት ከገባ አራተኛ ዓመቱ ነው። እስከዚያ ቀን የሚነበብ ነገር ስጡኝ ብሎ አያውቅም ነበር።

የሁለተኛው ደብተር አጋማሽ ላይ ሲደርስ አጠገቤ አስቀምጬ አስነበብኩት። ጣቱ ከመስመሩ ሥር ናት። የደብተሩ ጥግ ከእጅ ብዛት ተጠቅልሎ ጆሮ አውጥቷል፤ አንደኛው ገጽ ላይ የወጥ ጠብታ አለ። «ማንጠግቦሽ በሩን አልፋ ስትወጣ ሰፊው ሜዳ ተቀበላት» ይላል ጽሑፉ። እሱ «ሰፊው»ን አላልቶ አነበበው። ልብስ ሰፊው እንደ ማለት። ቆመ። ቅንድቡን ሰብሰብ አደረገ። ጣቱን ወደ ኋላ መለሳት። እንደገና፣ አሁን አጥብቆ፣ «ሰፊው ሜዳ» አለና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ምንም አላልኩም። ያረመው ታሪኩ ነው። ልብስ ሰፊ በዚያ ሜዳ ላይ ምንም ሥራ እንደሌለው ያውቃል። ያን አገር ለምዶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የደብዳቤዬ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ፊደላችን ይበዛል። 33ቱ በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። አንዴ ከተለየ ግን ደግ ፊደል ነው። እንደ እንግሊዝኛ ተጽፎ የማይነበብ ሆሄ እያመጣ ልጅ አያደናግርም። የማይጽፈው አንድ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ትልቁ ጉዳይ ነው። ሳድሱም አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ድምፁ ይሰማል፣ አንዳንድ ቦታ ይዋጣል። ይህን የሚነግር ምልክት ገበታው ላይ የለም። አንባቢው ከነገሩ ነው የሚያገኘው።

ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ልጅ ፊደል መለየቱ ብቻ አይበቃውም። የሚመጣውን መጠርጠር አለበት። ለመጠርጠር ደግሞ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ዋሻው ከወንዙ በየት በኩል እንዳለ፣ ቀበሮው ከዚህ በፊት ዋሽቶ እንደሆነ። ግማሽ ገጽ ምንባብ ይህን አይሰጥም። ልጁ ቦታውን ሊለምድ ሲል ያልቃል። በማግስቱ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቃል። ደካማው አንባቢ በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። ተከታታይ መጽሐፍ ላይ ግን ከዜሮ የሚጀምረው አንዴ ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ሲከፍት ሰዎቹን ያውቃቸዋል። ቃላቱ ይመላለሳሉ። «ጭላዳ» በመጀመሪያው ደብተር ሦስት ፊደል ነበር፤ በሁለተኛው ደብተር በአንድ እይታ የሚታወቅ ቃል ሆነ።

ስቲቨን ክራሸን የሚባሉ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ይህን ዓይነቱን ጠበብ ያለ ንባብ ለቋንቋ ተማሪዎች ሲመክሩ ኖረዋል። አንድ ደራሲ ወይም አንድ ተከታታይ ታሪክ ይዞ ብዙ ማንበብ ማለት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኪት ስታኖቪች ደግሞ በፈረንጆቹ 1986 ባወጡት ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ እያደር እንደሚበረታ፣ የማያነበው ደግሞ እያደር ወደ ኋላ እንደሚቀር አስረድተዋል። ነገሩን «የማቴዎስ ውጤት» ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል ነው፤ ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ያው ያለው ይወሰድበታል ከሚለው። የክፍል መምህር የሆነ ሁሉ ይህን በዓይኑ ያየዋል። መስከረም ላይ በአንድ እርምጃ የሚበላለጡ ልጆች ሰኔ ላይ በአንድ ወንዝ ይለያያሉ።

የአገራችንን ቁጥርም ላስታውሳችሁ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል፤ ብዙ ተለፍቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም አለበት። ያን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን። እኔ ግን 2ኛ ክፍል ላይ ብንደነግጥ ይሻላል እላለሁ። እዚያ ገና የሚሠራ ሥራ አለ።

ደግሞስ ነገሩ ለእኛ አዲስ ነው? አባቶቻችን ልጅን አንባቢ ያደረጉት በግማሽ ገጽ ነው እንዴ? የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል ይሄዳል፤ በመጨረሻ ዳዊት ላይ ይደርሳል። 150 መዝሙር። ያንኑ መጽሐፍ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለሰ ይዘልቀዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ ከዚያ በኋላ የሰጡትን ያነባል። ቤተሰቡም ድግስ ይደግስለታል። አያቴ አጎቴ ዳዊት የደገመበትን ቀን ስታወራ የታረደውን በግ ቀለም ሳይቀር ትናገር ነበር። አባቶቻችን አንባቢ በረጅም መጽሐፍ እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። ያ ልጅ የሚያነበው በማይሰማው ቋንቋ ነበር፤ ትርጉሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው። የእኛ ልጆች ግን በሚሰሙት ቋንቋ፣ በሚናፍቁት ታሪክ ሊያገኙት ይችላሉ።

የፈረንጆቹንም አንድ ምሳሌ ላንሳ፤ ስለ አንድ አስማተኛ ልጅ የሚተርኩትን የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት። ሰባት ቅጽ ናቸው፤ የመጀመሪያው በእነሱ 1997፣ የመጨረሻው በ2007 ወጣ። በእንግሊዙ ኅትመት የመጀመሪያው ቅጽ 223 ገጽ ነው። አምስተኛው 766 ገጽ ደርሷል። አስቡት፤ በ10 ዓመቱ ቀጭኑን የጀመረ ልጅ 766 ገጽ ሲሰጡት አልሸሸም፤ መጽሐፉ አብሮት አድጓልና። ያን ታሪክ ብዙ አሳታሚዎች መልሰውታል። በመጨረሻ የተቀበለው አሳታሚ ኃላፊ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለ8 ዓመት ልጁ ሰጣት። አንብባ ስትጨርስ ቀሪውን አምጣ አለችው። እኔ ይህን ስሰማ ደጃፌ ላይ የቆመው እረኛ ነው የታየኝ። ሌላም ነገር አለ። ያ መጽሐፍ መጀመሪያ በጠንካራ ልባድ ሲታተም 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ 300ው የሄደው ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው።

አሁን ወደሚያሰጋችሁ ነገር ልምጣ። «አስማትና ጭራቅ ለልጅ? ጥንቆላ አይሆንም ወይ?» ይህ ጥያቄ ከወላጆችም ከካህናትም ይመጣል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ። እኔንም ጎረቤቴ የሆኑት መሪጌታ ጠርተው ጠይቀውኛል። «ልጄ፣ ምንድን ነው ለልጆቹ የምታነቢላቸው?» አሉኝ። ደብተሩን ወስጄ ሰጠኋቸው። «ያዩት አባቴ» አልኳቸው። ሦስት ቀን ቆይቶ ተመለሰልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጽፌው ኖሮ በንጉሡ ሠ አድርገውታል። ጸሎትን ከፀሐዩ ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ መልሰውታል። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ «ጭራቁ ክፉ መሆኑ ይታወቅ፤ ልጅቷም ስትፈራ ትጸልይ» ብለው ጻፉ። ሁለቱንም ተቀበልኩ። በሦስተኛው ደብተር ማንጠግቦሽ ስትፈራ ታማትባለች። ከዚያ ወዲህ ደብተሮቹን መጀመሪያ የሚያነቧቸው እሳቸው ናቸው።

ደግሞ ልጆቻችን ከዘንዶ ጋር አዲስ አይደሉም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ያለበት ቤተ ክርስቲያን የገባ ልጅ ሁሉ ዘንዶውን ከፈረሱ እግር ሥር አይቶታል። ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ከአያቱ ሰምቷል። «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ማለት ያውቃል። ታሪክ ታሪክ እንደሆነ፣ ቤቱ ቤት እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። እንደ ጭራቁ ስም ለመስረቅ የሞከረ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ወደ እናንተ ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡን። 40 ደቂቃ። ፈተና የሌለው፣ ጥያቄ የማይወጣበት፣ መምህሩ ጮክ ብሎ የሚያነብበትና ልጁ የሚሰማበት። የእኔ ልጆች «ይሄ ለፈተና ይመጣል ወይ?» ብለው የጠየቁት የመጀመሪያዋን ዓርብ ብቻ ነው። አይመጣም ስላቸው ትከሻቸው ሲወርድ አይቻለሁ።

መጽሐፍ የምትገዙ ሰዎች፣ ተከታታይ መጽሐፍ ስትገዙ ሙሉውን ግዙ። ሦስተኛው ቅጽ ብቻ የተቀመጠበት መደርደሪያ አይቻለሁ። ልጁ አንስቶ ይከፍተዋል፣ ማን ማን እንደሆነ አይገባውም፣ ይመልሰዋል። ከመጀመሪያው ቅጽ ደግሞ በዛ አድርጋችሁ ግዙ፤ ሁሉም የሚገባው በዚያ በር ነው። በልገሳ ስለሚመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም ልናገር። ሰጪዎቹን አመሰግናለሁ። ግን 3ኛ ክፍል ላለ የምንጃር ልጅ ካርቶን ሙሉ እንግሊዝኛ ማውረድ የተራበን ሰው የተቆለፈ ሌማት መስጠት ነው። በዚያ ማጓጓዣ ገንዘብ አማርኛ ብታሳትሙ እንጸድቅበታለን።

ስለ ቁልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ የንብረት ክፍል ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተንም ልለምን። በአንድ ወቅት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ቁምሳጥን ሙሉ የልጆች መጽሐፍ ነበር። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ተቆጥሮ፣ ተቆልፎ። ለምን አይወጣም ስል «ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ተባልኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እውነቱን ነው፤ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል ከደሞዙ ነው። ግን እኒያ መጻሕፍት አንድም ልጅ ሳይነካቸው አይጥ በላቸው። ስለዚህ የልጆች መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛና ወንበር አይቆጠር። እንደ ጠመኔ ይቆጠር፤ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ተነቦ፣ ተቀዶ፣ ወጥ ተንጠባጥቦበት ሲመለስ ማንም አይጠየቅ። ይህን አንድ መመሪያ ብታወጡልን ከመቶ ሥልጠና ይበልጥብናል።

ርቀት ነው የሚያግደን የምትሉ ደግሞ፣ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን አስታውሱ። በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱ፣ በሐዋሳም አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች ያደረሱ ሰው ናቸው። በእኛ አገር አህያ መቼ ጠፋ? ገብስ ጭኖ ገበያ የወጣ አህያ ሲመለስ ጀርባው ባዶ ነው። ሁለት ስልቻ መጽሐፍ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ ገጠሩ ትምህርት ቤት ቢሄድ፣ በወሩ ቅጽ አንድን መልሶ ቅጽ ሁለትን ቢያመጣ ምን ይከብደዋል? ጸጥታ በተናጋባቸው ዓመታት ትምህርት የተቋረጠባቸው ብዙ ልጆች አሉን። ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያደጉም አሉ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደብተሩ አብሮ አይዘጋም። ትምህርት በተቋረጠ ጊዜ ክፍሌ ውስጥ ንባባቸው ሳይዝግ የተመለሱት ደብተሩ ቤታቸው የቀረ ልጆች ነበሩ።

እናቶችና አባቶች፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ልጄን እንዴት አስነብባለሁ?» አትበሉ። የዚያን ልጅ እናት ልንገራችሁ። ፊደል አታውቅም። ማታ ማታ ቡና እያፈላች ያነብላታል። አንድ ምሽት ቤታቸው ነበርኩ። ምድጃው ዳር ባና ለብሶ ያነባል፤ እሷ ስኒ ታጥባለች። «ቀበሮው ገና አልመጣም» የሚለውን አጥብቆ አነበበውና በዓሉ አደረገው። እጇን ከውኃው ሳታወጣ «ኧረ እንዲህ አይባልም፤ እስቲ ድገመው» አለችው። ደገመው፤ ተስተካከለ። ያች እናት ፊደሉን አታይም፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ አያንስም። መጥበቅና መላላቱ ያለው የእናትና የአባት ጆሮ ውስጥ ነው። ልጃችሁ ሲያነብ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ነገሩ ሲበላሽ ይሰማችኋል። ያኔ «ድገመው» በሉት። ሌላ ምንም አይጠበቅባችሁም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቤት ሲያስቀምጣችሁ በተለይ እንዲህ አድርጉ፤ በዓመት የተማሩት የሚጠፋው በእነዚያ ሁለት ወራት ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊዎቻችን። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ በየወረዳው የምትጽፉ ወጣቶች። ከበደ ሚካኤል የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው። በቀላል አማርኛ የሚያምር ነገር ጽፈው ትውልድ በእሳቸው ግጥምና ተረት አንብቧል። ከዚያ ወዲህ ግን አብዛኛው የልጆች ጽሑፋችን ሁለት ገጽ ሆኖ ምክር ላይ ያልቃል። ምክሩን አልጠላሁትም። ልጁ ግን ገጹን የሚገልጠው ለምክር አይደለም፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ነው። 200 ገጽ ጻፉለት። ከዚያ ቀጣዩን ቅጽ ጻፉለት።

የምን አገር እንፍጠር ብላችሁም አትቸገሩ። ጣርማ በር ላይ ቁሙና ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እዩ። ጉሙ ከእግራችሁ ሥር ነው። ውርጭ ካለበት ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ እስክትገቡ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ በአንድ መንገድ ሁለት ዓለም ነው። ወፍ ዋሻ የሚባል ጥንታዊ ደን አለን። ስሙን ብቻ ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰጥቼ «እዚያ ዋሻ ውስጥ ማን ይኖራል?» ብላቸው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አልበቃቸውም። አንዲት ልጅ «ወፎቹ የሞቱ ሰዎችን ድምፅ ያስቀምጣሉ» አለች። አንኮበር የነገሥታት ከተማ ነበረች። ጃማ ገደሉን ሰንጥቆ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የእኛ ሆኖ ሳለ ልጆቻችን የሚያውቁት ድንቅ አገር በቴሌቪዥን የሚያዩት የባዕድ አገር ብቻ ሊሆን አይገባም። ስትጽፉ አማርኛው ይቅለል፤ ዐረፍተ ነገሩ ይጠር፤ ፊደሉ ትልቅ ይሁን። የሚከብድ ቃል ስታመጡ ደጋግማችሁ አምጡት። ሰባት ቅጽ ከበዛ በሦስት ጀምሩ።

ያ ልጅ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ነው። አሁንም ያነባል። ሲያነብ ጣቱን ትቷል። እኔ እስካሁን ግዕዝን፣ ካዕብን፣ ሣልስንና ራብዕን ጨርሻለሁ። መሪጌታ አርመዋቸዋል። ኮፒ አድርጎ ለክፍሉ ማንበብ ለሚፈልግ መምህር ሁሉ ያለ ምንም ክፍያ እሰጣለሁ። የተሻለ ከጻፋችሁ ደግሞ የእኔን ጣሉትና የእናንተን አንብቡላቸው።

ኀምስን ገና እየጻፍኩ ነው። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ደርሳለች፤ ቀበሮው ግን ቁልፉን ይዞ ጠፍቷል። ባለፈው ዓርብ ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአማርኛ መምህርት
ደብረ ብርሃን